የአገርን ዶሮ ከራሷ ዘር እየተኩ ስለ ማርባት

(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)

በአገራችን ገጠር ዶሮ የማይጮኽበት ደጃፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባደረገው ጥናት በኢትዮጵያ ውስጥ 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች እንዳሉ ሲገመት፥ ከእነዚህ ውስጥ ከአራቱ እጅ ሦስቱን የሚበልጡት የአገር ዶሮዎች ናቸው። ለጨው፥ ለበርበሬ፥ ለደብተርና ለእስክሪፕቶ የሚሆነው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከእናቶቻችን የእንቍላል ቅርጫት ነው። በዓመት በዓልም ቀን አንዲት ዶሮ 12 ብልት ሆና በአንድ ድስት ስትቀርብ ቤተ ሰቡን ሁሉ ታሰባስባለች።

ይሁን እንጂ በአሁኑ ጊዜ ዶሮ ማርባት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከከተማ ጫጩት ገዝቶ ማምጣትን ነው። እነዚያ ሲያረጁ ወይም ሲሞቱ ደግሞ ሌላ መግዛት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው ሌላውን መንገድ ነው፤ ይኸውም አንድ ቤተ ሰብ ጫጩት ሳይገዛ፥ እንቍላሉንም ሥጋውንም እየተመገበ፥ መንጋው ራሱን በራሱ እየተካ፥ ዘሩም ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻሻለ የሚሄድበት መንገድ ነው። ነገሩን የተማርሁት ከመጽሐፍም ከቤታችንም ስለ ሆነ፥ ከሁለቱም እያጣቀስሁ አቀርበዋለሁ።

1ኛ/ የአገር ዶሮ አመጣጥና ጠባይ

ዶሮ ጥንት የደቡብ ምሥራቅ እስያ የጫካ ወፍ ነበረች። ወደ እኛ አገር የገባችበት ዘመን እጅግ ሩቅ ነው። በትግራይ መዝብር በሚባል ቦታ፥ ከአክሱም መንግሥት በፊት ከነበረ መንደር በቍፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ግድም የሚጠጉ መሆናቸው ታውቋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዶሮን ይመርጧት የነበሩት ብርድ፥ ረኃብ፥ በሽታና ጭልፊት ናቸው። ደካማይቱ ትሞታለች፤ ብርቱይቱ ትተርፋለች። ስለዚህ የአገራችን ዶሮ ምግቧን ጭራ ማግኘትን፥ ጥላ ሲያልፍ መሸሸግን፥ ሲመሽ ቆጥ ላይ መውጣትን፥ እንቍላል ማቀፍንና ጫጩት ማሳደግን ማንም ሳያስተምራት ታውቃለች።

መልኳም ብዙ ዓይነት ነው፤ ቀይ፥ ጥቁር፥ ነጭ፥ ገብስማና አንገቷ ላባ የሌላት መላጣ ትገኛለች። መላጣነት ከእናትና ከአባት የሚወረስ ጠባይ ሲሆን፥ ላባዋ ስለሚያንስ በቆላ አገር ሙቀትን ለመቻል ይረዳታል። ስለዚህ መልክን አይቶ ብቻ ዶሮን መናቅ አይገባም።

የአገር ዶሮ ጉድለት እንቍላሏ ጥቂት መሆኑ ነው። በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 የሚደርስ ሲሆን፥ የአንዱም እንቍላል ክብደት 40 ግራም ያህል ነው። የውጭ አገር እንቍላል ጣይ ዶሮ ግን በሙሉ ቀለብ ስትያዝ በዓመት 300 ያህል ትጥላለች። ይህን የሚሰማ ሰው የአገር ዶሮ ምን ትሠራለች ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ምክንያቱን መመርመር ያስፈልጋል።

የአገር ዶሮ ከ12 እስከ 15 ያህል እንቍላል ከጣለች በኋላ ትንጫጫለች፤ ላባዋን ነፍታ ጎጆዋ ላይ ትተኛለች። እንቍላል ከታቀፈች 21 ቀን ትቀመጣለች። ከዚያም ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ጫጩቶቿን ስታሳድግ እንቍላል አትጥልም። ስለዚህ ዓመቱ የሚያልቀው በሦስት ወይም በአራት ዙር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን ሥራ ፈትታ አልተቀመጠችም። ያለ መብራትና ያለ ደመወዝ ማስፈልፈያ መኪና ሆናለች፥ ማሞቂያ ሆናለች፥ ዘበኛ ሆናለች፥ አስተማሪም ሆናለች። ከውጭ የመጡት እንቍላል ጣዮች ይህን ሥራ በምርጫ እንዲረሱ ስለ ተደረጉ፥ ብዙዎቹ አያቅፉም። ደግሞም የሚሸጡት ጫጩቶች ከተለያየ ዘር ተዳቅለው የተገኙ ስለ ሆኑ፥ የእነርሱ ልጆች እንደ እናቶቻቸው አይሆኑም።

እኔ 9ኛ ክፍል ሳለሁ በቤታችን ከአንድ ሻጭ 10 እንዲህ ያሉ ቄቦች ተገዝተው ነበር። ቀለብ እስካላቸው ድረስ እንቍላላቸው ያስደንቅ ነበር። የቀለብ ዋጋ ሲወደድና ከደጅ ጭረው እንዲበሉ ሲለቀቁ ግን እንቍላሉ ቀነሰ፤ አራቱን ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ወሰዷቸው፤ አንዲቱም አላቀፈችም። በሁለተኛው ዓመት ከእነርሱ የቀረልን ዘር የለም። ይህን የምለው የውጭውን ዶሮ ለመንቀፍ አይደለም። ቀለብና ቤት ላለው ሰው፥ ለከተማም ገበያ፥ እርሷን የሚተካ የለም። ከደጅ ጭራ ለምትኖር ዶሮ ግን ሌላ ጠባይ ያስፈልጋል።

2ኛ/ መንጋው ራሱን እንዲተካ የሚያስፈልገው ሒሳብ

አንድ ቤተ ሰብ 8 ሴት ዶሮዎችና 1 አውራ አለው እንበል። ሴት ዶሮ ከሁለት ዓመት በኋላ እንቍላሏ ስለሚቀንስ፥ በየዓመቱ እኩሌታዎቹን፥ ማለት 4ቱን፥ በቄብ መተካት ያስፈልጋል።

በዓመት ሦስት ጊዜ 12፥ 12 እንቍላል ብናስታቅፍ ጠቅላላው 36 ይሆናል። ከየ12ቱ 9 ያህል ቢፈለፈሉ 27 ጫጩቶች እናገኛለን። በገጠር እንደሚታየው ጥንቃቄ ከሌለ ከጫጩቶቹ እኩሌታው ያህል ሁለት ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። የሚቀሩት 13 ናቸው፤ ከእነዚህም ሴቶቹ 6 ወይም 7 ይሆናሉ። 4 ተተኪ ከ6 ቄብ ማውጣት ማለት የመጣውን ሁሉ መቀበል ነው እንጂ መምረጥ አይደለም።

በጥንቃቄ አሳድገን 20 ጫጩት ቢደርሱልን ግን ነገሩ ይለወጣል። 10 ቄብና 10 ጎረምሳ አውራ ይኖረናል። ከ10ሩ ቄብ ምርጥ 4ቱን፥ ከ10ሩ ጎረምሳ ደግሞ ምርጥ 1ዱን ለዘር እናስቀራለን። 6 ቄቦች፥ 9 ጎረምሶችና 4 ያረጁ ዶሮዎች፥ በድምሩ 19፥ ለድስትና ለገበያ ይተርፋሉ። 8ቱ ዶሮዎች በዓመት 50፥ 50 እንቍላል ቢጥሉ 400 ይሆናል። ለማስታቀፍ የወጣው 36 ሲቀነስ 364 ይቀራል፤ ይህም በየቀኑ አንድ እንቍላል ያህል ማለት ነው። ትልቅ ሀብት አይደለም፤ ነገር ግን ከቤት የማይጠፋ ሀብት ነው። እንግዲህ ከዚህ ሒሳብ የምንረዳው፥ መጀመሪያ መዳን ያለበት ጫጩቱ መሆኑን ነው። ጫጩት ካልተረፈ ምርጫ የለም፤ ምርጫ ከሌለም መሻሻል የለም።

3ኛ/ ስለ ማስታቀፍና ስለ ጫጩት አያያዝ

ለማስታቀፍ የሚመረጠው እንቍላል ከተጣለ ከሳምንት ብዙ ያላለፈው፥ መጠኑ መካከለኛ፥ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀና ንጹሕ የሆነ ነው። እንቍላልን ማጠብ አይገባም፤ ምክንያቱም በቅርፊቱ ላይ ያለው መከላከያ ስስ ሽፋን ይለቅና በሽታ ይገባበታል። እናቶቻችን እንቍላልን በእህል ውስጥ ቀብረው ማስቀመጣቸው ከሙቀትና ከመሰበር ስለሚጠብቀው መልካም ልማድ ነው። ዶሮዋ ከታቀፈች በ7ኛው ቀን ሌሊት እንቍላሉን በባትሪ ብርሃን ፊት ይዞ ማየት ይቻላል። የደም ሥር እንደ ሸረሪት ድር የሚታይበት ሕይወት አለው፤ ጠራ ብሎ የሚታየው ግን ዘር የሌለው ነውና ይውጣ።

ጊዜም ይመረጣል። ከክረምት በኋላ፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ከብርድና ከጭቃ ይድናሉ። ለመታቀፍ የምትመረጠው ዶሮ ከዚህ ቀደም ብዙ ጫጩት አሳድጋ የታየች ትሁን። ሌሎቹን ሲንጫጩ ከጎጆአቸው አውጥቶ ለጥቂት ቀን ወደ ሌላ ቤት በመውሰድ ወይም ብርሃንና ነፋስ በሚገባበት ቅርጫት በመክደን ማስተው ይቻላል፤ በዚህም ቶሎ ወደ መጣል ይመለሳሉ። በአንዳንድ አገር ዶሮን ዘቅዝቆ ማንጠልጠል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ይህ እንስሳቱን ስለሚያሠቃይ መቅረት ያለበት ልማድ ይመስለኛል።

ጫጩቶች በመጀመሪያው ወር ከእናታቸው ጋር በትልቅ ቅርጫት ወይም በቀርከሃ አጥር ውስጥ ቢቈዩ ከጭልፊትና ከድመት ይተርፋሉ። ውኃቸው ጠፍጣፋ በሆነ ዕቃ ይቅረብ፤ እንዳይሰጥሙም በውስጡ ጠጠር ይደረግበት። ምግባቸው የተከካ በቆሎ ወይም ስንዴ፥ ፉርሽካና ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ቢሆን መልካም ነው። ከደጅ ጭራ የምትኖር ዶሮ እህል ብታገኝም ሥጋ የሚሠራው ምግብ ያንሳታል፤ ፋጉሎና ትል ይህን ይሞላሉ። እንቍላል ለሚጥሉት ደግሞ የእንቍላል ቅርፊት ተወቅጦ ቢሰጣቸው ቅርፊቱን የሚሠሩበት ኖራ ያገኛሉ። ቅርፊቱ እንዳለ ከተሰጣቸው ግን እንቍላል መብላት ሊለምዱ ይችላሉና፥ መወቀጡ የግድ ነው።

4ኛ/ ስለ ፈንግል

ከሁሉ የሚከፋው የዶሮ ጠላት ፈንግል ነው። ይህ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፥ የያዛት ዶሮ ታንቀላፋለች፥ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፥ አረንጓዴ ትቀምጣለች፥ አንዳንዶቹም አንገታቸው ይጠማዘዛል። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ክረምት ሲገባ መንደሩን ሁሉ ጠርጎ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። በቤታችንም 10ኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት፥ በሰኔ ወር፥ ከ16 የአገር ዶሮዎች 12ቱ በስድስት ቀን ውስጥ አለቁ። እናቴ የሞቱትን ስትቀብር አንድ ቃል አልተናገረችም። በዚያ ዓመት ለመስከረም ሊገዛልኝ የነበረው ጫማ ከእነርሱ ጋር ተቀበረ ብል ማጋነን አይደለም።

ክትባት ግን አለ። ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ይዘጋጃል። አንዳንዱ ዓይነት ሁልጊዜ በበረዶ መያዝ አለበት፤ ሙቀትን ለጥቂት ቀናት የሚችል፥ በዐይን ውስጥ የሚንጠባጠብም አለ። ይህኛው በየአራት ወሩ ይደገማል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የተሠራ ስለ ሆነ፥ ለ9 ዶሮ ብቻ መክፈት ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ ጐረቤት ተሰብስቦ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ዋጋው ለሁሉም ይቀላል፤ በሽታውም መግቢያ ያጣል። ክትባት ጤነኛውን ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም፤ ይህንንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ደግሞም ከገበያ የመጣች ዶሮ ሁሉ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቀመጥ። በበዓል ሰሞን ሳይሸጡ ቀርተው ከገበያ የሚመለሱ ዶሮዎች በሽታን ይዘው ይመጣሉ። የታመመ ዶሮ አይቶ ቶሎ ወደ ገበያ መውሰድ ደግሞ ለራስ ጥቂት ብር ለማዳን የሌላውን ቤት ማቃጠል ነው።

5ኛ/ ስለ ዝምድና

ከዚያ እልቂት የተረፉት ሦስት ሴት ዶሮዎችና አንድ ትንሽ አውራ ነበሩ። አውራው የአንዲቱ ልጅ፥ የሁለቱ ወንድም ነው። እኛም ከእርሱ ሌላ ስላልነበረን በእርሱ አራባን። በተከታዩ ዓመት ከ12 እንቍላል የተፈለፈሉት 5 ብቻ ሆኑ፤ ከእነዚህም ሁለቱ ጣታቸው የተጣመመ ነበር። እናቴ ቡዳ ነው አለች። አያቴ ግን ሳቅ ብለው፥ «እናንተ ሰው ሲጋባ ሰባት ቤት ትቈጥራላችሁ፤ ለዶሮ ግን እናትና ልጅ ታጋባላችሁ» አሉን።

እውነት ነው። ሰውም ሆነ እንስሳ ከአባትና ከእናት ድብቅ የሆኑ ጉድለቶችን ይወርሳል። ጉድለቱ ከአንድ ወገን ብቻ ከመጣ ብዙ ጊዜ ሳይገለጥ ይኖራል፤ ዘመዳሞች ሲዋለዱ ግን ያው ጉድለት ከሁለቱም ወገን ስለሚገናኝ ይገለጣል። በዚህም የሚፈለፈለው እንቍላል ይቀንሳል፥ ጫጩቱ ይደክማል፥ ዕድገቱም ይዘገያል።

ሰዋል ራይት የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1931 ይህን በሒሳብ አሳይቷል። የወንዶቹን ቍጥር በሴቶቹ ቍጥር አባዝቶ፥ ውጤቱን በ4 አባዝቶ፥ ለወንዶቹና ለሴቶቹ ድምር ማካፈል ነው። የሚገኘው ቍጥር መንጋው በእውነት የስንት ዶሮ ያህል ዘር እንደሚይዝ ያሳያል። 1 አውራና 8 ሴት ያለው መንጋ በዐይን ሲቈጠር 9 ነው፤ በዚህ ሒሳብ ግን 4 እንኳ አይሞላም። 1ን ለዚህ ቍጥር እጥፍ ብናካፍል ደግሞ ዝምድናው በአንድ ትውልድ ምን ያህል እንደሚጨምር እናገኛለን፤ እርሱም 14 ከመቶ ነው። ሦስት ቤቶች ተባብረው 3 አውራና 24 ሴት እንደ አንድ መንጋ ቢይዙ ግን ጭማሪው ከ5 ከመቶ ያንሳል። እንግዲህ በአንድ አጥር ውስጥ ያለ ትንሽ መንጋ ብቻውን ለዘለቄታ መኖር አይችልም፤ ጐረቤት ያስፈልገዋል።

ሥርዓቱም ቀላል ነው። ሦስት ቤቶች ይስማሙ። አጥራቸው የተያያዘ ከሆነ አውራዎቹ ስለሚዘላለፉ፥ ራቅ ራቅ ያሉ ቢሆኑ ይመረጣል። ሴት ልጆች ሁልጊዜ በእናታቸው ቤት ይቀራሉ። ከመጀመሪያው ቤት የተመረጠው ጎረምሳ ወደ ሁለተኛው፥ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፥ የሦስተኛው ወደ መጀመሪያው ቤት ይሄዳል። በሰው ልማድ ብዙ ጊዜ ሙሽራይቱ ናት የምትሄደው፤ በዶሮ ግን ሙሽራው ይሄዳል ማለት ነው። ያለፈው ዓመት አውራ ልጆቹ ቄብ ሆነው ከመድረሳቸው በፊት መውጣት አለበት፤ አለዚያ ለገዛ ልጆቹ አባትም ባልም ይሆናል። ለእርሱ ድስቱ አለለት።

6ኛ/ ስለ ምርጫ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። ለበዓል አውራ ስንይዝ የምንይዘው የትኛውን ነው? ትልቁን ነው። ነጋዴም መጥቶ የሚመርጠው ያንኑ ነው። የሚቀረው ማንም ያልፈለገው ትንሹ ነው፤ እርሱም የሚመጣው ዓመት ጫጩቶች ሁሉ አባት ይሆናል። በየፋሲካው፥ በየገናውና በየእንቍጣጣሹ እንዲህ ስናደርግ ስንት ዘመን እንደ ሆነን አስቡ። የአገር ዶሮ ትንሽ ናት እያልን እናማርራለን፤ ነገር ግን ትልቁን እየበላን ከትንሹ የምናራባት እኛው ነን።

ክብደት ከወላጅ ወደ ልጅ ደኅና አድርጎ የሚተላለፍ ጠባይ ነው። የእንቍላል ብዛት ግን ከክብደት ይልቅ በምግብና በአያያዝ ስለሚወሰን በዘር የሚተላለፈው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አንድ ሴት ዶሮ የምትጠቅመው ለራሷ ጫጩቶች ነው፤ አውራው ግን የመንጋው ጫጩቶች ሁሉ እኩሌታ ነው። በመሆኑም ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በአውራው ምርጫ ላይ ነው። አውራ ራሱ እንቍላል ስለማይጥል ብዙ ከምትጥልና በደንብ ከምታሳድግ እናት የተወለደ መሆኑ ይታይ።

ለዚህ ደግሞ መዝገብ ያስፈልጋል። እኔ የምጠቀመው አንድ አሮጌ ደብተር ነው። በእያንዳንዷ ዶሮ እግር ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ክር እያላላሁ አሥሬ፥ የጣለችውን፥ ያቀፈችውን፥ የፈለፈለችውንና ያሳደገችውን እጽፋለሁ። ጎረምሶቹን ደግሞ 16 ሳምንት ሲሞላቸው በገበያ ሚዛን እመዝናለሁ። የሚወዳደሩት በአንድ ሰሞን የተፈለፈሉት ብቻ ናቸው፤ የጥቅምቱን ከጥር ጋር ማወዳደር ትልቅ ወንድምን ከታናሹ ጋር ማወዳደር ነውና። በክብደት ብቻም አይመረጥም፤ እግሩ ቀጥ ያለ፥ ዐይኑ የጠራ፥ ለምግብ የሚተጋና ጭልፊት ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ ይሁን። እጅግ የገዘፈች ሴት ዶሮም ብዙ ትበላለች፤ ስትታቀፍም እንቍላል ትሰብራለች።

ይህ ዓይነቱ ምርጫ በአገራችን ተፈትኗል። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 ግድም፥ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከሆሮ አካባቢ በተገኘ የአገር ዶሮ ዘር ላይ የማሻሻል ሥራ ጀመረ። በየትውልዱ ብዙ እንቍላል የሚጥሉትና በ16 ሳምንት ከባድ የሆኑት ብቻ ለዘር ተቀመጡ። ሰባት ትውልድ ያህል ካለፈ በኋላ የእንቍላሉ ቍጥርና የጎረምሶቹ ክብደት ከመነሻው እጥፍ ያህል ደረሰ። እንደዚያ ያለ ብዙ ዶሮ፥ ሙሉ ቀለብና ሐኪም በገጠር ቤት ስለሌለ የእኛ እርምጃ ከዚያ ይዘገያል። መንገዱ ግን አንድ ነው።

7ኛ/ ቀዩ አውራ

11ኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት ከሁለት ቤቶች ጋር ተስማምተን ነበር። ከሌላው ቤት በተዋስነው አውራ ከተገኙት ጎረምሶቻችን መካከል አንዱ ቀይ በክብደት ሁሉንም አለፈ፤ ስለዚህም ወደ ሁለተኛው ቤት የሚሄደው እርሱ እንዲሆን በደብተሬ ጻፍሁ። በሰሙነ ሕማማት ግን አንድ ነጋዴ መጣና ለዚሁ ለቀዩ ለሁለት ትንንሽ አውራዎች የሚሰጠውን ያህል ዋጋ ሰጠ።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ፥ «አንቺ ልጅ፥ ይህን የሚያህል ገንዘብ ትተን ምርጡን አውራችንን ለሰው ልንሰጥ ነው? ጭራሽ በነጻ?» አለችኝ።

«እማዬ፥ የእነርሱም ምርጥ ለእኛ ይመጣል እኮ» አልኋት።

«የእነርሱን ማን አየው? ቢሞትስ? የዚህ ገንዘብ ግን ዛሬ በእጄ ነው» አለች። በእውነቱ መልስ አልነበረኝም። ባለፈው ክረምት የደረሰብንን አይታለችና ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ በረንዳው ላይ ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት አያቴ ቀና ብለው፥ «ልጄ፥ በክፉ ቀን እንኳ ቢሆን አባትሽ የዘር እህል ሲበላ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዘርስ ከጐረቤት ጋር ይለዋወጡት የለም?» ብለው ጠየቋት። እናቴ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ለነጋዴው ሌሎች ሁለት ጎረምሶች አሳየችው። ቀዩም ከፋሲካ በኋላ ወደ ጐረቤት ሄደ። በቀዩ ዋጋ ሁለት ስለ ተሸጡ በዓሉን ያሳለፍነው በአንዲት አሮጌ ዶሮ ነው፤ ወጡም ረጅም እሳት ፈጀ።

ዘንድሮ ከሦስተኛው ቤት የመጣልን ገብስማ አውራ የመጀመሪያ ልጆቹን አሳየን። ካስታቀፍነው 36 እንቍላል 28 ተፈለፈሉ፤ ጣቱ የተጣመመ አንድም የለም። 21ዱ ደርሰዋል። ጎረምሶቹም ካለፈው ዓመቶቹ ይልቅ ከባዶች ናቸው። ይህ ሁሉ በምርጫው የመጣ ነው ለማለት ግን አልደፍርም፤ በዚሁ ዓመት ፋጉሎም ጨምረናል፥ ሁሉንም አስከትበናል። የምርጫውን ፍሬ በእርግጥ ለማወቅ ደብተሩ ገና ብዙ ዓመት መጻፍ አለበት። ስለዚህ እኔ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ብሄድ ታናሽ እህቴ እንድትጽፍበት አስተምሬአታለሁ።

ውድ አንባብያን፥ እያንዳንዳችን በቤታችን ልንጀምረው የምንችለው ነገር ትንሽ ነው፤ አንድ ደብተር፥ ጥቂት ክር፥ የክትባት ቀንና ሁለት ታማኝ ጐረቤቶች ናቸው። ከሁሉ በፊት ግን በዓል ሲደርስ እጃችንን ወደ ትልቁ አውራ ስንዘረጋ ቆም ብለን እናስብ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ነገር ግን የሚሄደው በጥሩ አባት እግር እንዲሆን መምረጥ የእኛ ፋንታ ነው። እናቴ ዘንድሮ ለፋሲካ የሚታረደውን ራሷ መርጣ ለይታለች፤ በክብደት ከሁሉ የበለጠውን ግን እግሩን በቀይ ክር አሥራ፥ «ይህ ዘር ነው፥ ማንም እንዳይነካው» ብላለች።